የቦይ ዳር ዕጣ

እጇን ቆቡ ውስጥ ከትታ ወረቀቶቹን ስታተራምስ ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ትዕግሥቱ አለቀ። ቆቡ የፋብሪካ ቆብ ነው፤ ቢጫ፣ ጠንካራ ላስቲክ፣ ግንባሩ ላይ የድርጅቱ ምልክት የታተመበት። በደህናው ዘመን የሠራተኛ ጭንቅላት ከብረት ያድን ነበር። ዛሬ የመንደሩ መሬት በሙሉ ተጠቅልሎ ገብቶበታል።

“ኧረ ካቦ፣ ዕጣ ነው እንጂ ዕንቁላል አይደለም፤ አታገላብጪው” አለ አንዱ።

ሰዉ ሳቀ። እሷም ሳቀች፤ እጇን ግን አላወጣችም። በልቧ የምትለምነው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከሜዳው በላይ ያለው ጉብታ። በመጨረሻ ጣቷ የነካውን ይዛ አወጣችና ለቀያሹ ሰጠችው። ቀያሹ ወረቀቱን ዘረጋ፤ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ካርታ በጣቱ እየተከተለ ዝቅ፣ ዝቅ አለና ከሰማያዊው መስመር አጠገብ ቆመ።

“ቦይ ዳር” አለ።

ሸንኮራ ይመዘንበት የነበረውን ሚዛን ቤት ጉምጉምታ ሞላው። ሰው ሁሉ ሲመኘው ያደረው እሱን ነው፤ ውሃ ከአፍንጫው ሥር የሚያልፍ፣ ዝናብ ቀረ አልቀረ የማይጨንቀው መሬት። አንዷ ትከሻዋን መታ መታ አደረገቻት። ሌላዋ “አንቺማ ድሮም ዕድለኛ ነሽ” አለቻት፣ ከአንገት በላይ። እሷ ወረቀቷን ይዛ ወደ ጥግ ወጣች። ደስ እንዲላት ሞክራ አቃታት።

ካቦ የሚሏት በሥራዋ ነው። የሸንኮራ አረም የሚነቅሉትን ሴቶች ታሰልፋለች፣ ታሰማራለች፣ ትቆጣለች፤ ሲደክማቸው ደግሞ አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ድምፅዋ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ይሰማል። ባሏ “ፋብሪካው አንቺ እያለሽ ሳይረን መግዛቱ ነው ያከሰረው” እያለ ይቀልድባታል።

ከእሷ ቀጥሎ ዕጣ ያወጣው ጋሪ ነጂው ነበር። ትክክለኛ ስሙን የሚያስታውስ የለም፤ ሁሉም “ይደርሳል” ነው የሚለው። ዕቃ አስጭኖ “ኧረ ምነው ዘገየህ?” ለሚለው ሁሉ መልሱ ይኸው ነውና። ይደርሳል እጁን ከተተ፣ አወጣ። የቀያሹ ጣት በካርታው ላይ ወደ ላይ ሽቅብ ሄዶ ጉብታው ላይ አረፈ።

“የድንጋይ ባላባት ሆንክ በለና” አሉት። ሰዉ ከንፈሩን መጠጠለት፤ የድርጅቱ የውሃ ሞተር ከተነሳ ወዲህ እዚያ ውሃ አይወጣም። ካቦዋ ግን ዐይኗን ከካርታው ላይ አልነቀለችም። ጉብታው ድሮ የእነሱ ነበር።

ነገሩ የቆየ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የመንግሥት ሰዎች ድምፅ ማጉያ ይዘው መጡ። የየገበሬው ቁራሽ መሬት አንድ ላይ ይገጠማል፤ ሜዳው በሙሉ ሸንኮራ ይሆናል፤ ከሸንኮራው ስኳር፣ ስኳሩ ተጣርቶ ከሚቀረው ሞላሰስ ኢታኖል ይወጣል፤ ኢታኖሉ ከቤንዚን ጋር ተደባልቆ የአገሩን መኪና ሁሉ ያንቀሳቅሳል ተባለ። የሸንኮራውን ዋጋ መንግሥት ይደግፋል፣ ገበሬውም ባለአክሲዮን ይሆናል። “መኪናው ሁሉ በእኛ ሸንኮራ ሰክሮ ሊነዳ ነው” ብለው ሽማግሌዎቹ ሳቁ፤ ፈረሙም። ከዚያ ዶዘር መጣ። አጥር፣ ዛፍ፣ ቤት፣ በረት፣ የወሰን ድንጋይ፣ ሁሉም ተደልድሎ ሜዳ ሆነ። ከጉብታው ሥር ይወርድ የነበረው ወንዝ እንኳ አልቀረለትም፤ ከመንገዱ አስለቅቀው፣ ሜዳውን አሻግረው፣ በሲሚንቶ ቦይ ውስጥ አስገቡት። ሰዉም ግድግዳ ለግድግዳ ወደ ተያያዙት የሠራተኛ ሰፈር ቤቶች ገባ።

ሁሉም ውሸት ነበር ማለት ግፍ ነው። መጀመሪያ አካባቢ ሸንኮራው ደህና ከፈለ። ባሏ በኢታኖል ክፍሉ የቧንቧ ሠራተኛ ሆኖ ተቀጠረ፤ ልጆች ትምህርት ቤት ገቡ። ቦቴው ኢታኖል ጭኖ ሲወጣ ሰው ደጁ ላይ ቆሞ ይሸኘው ነበር፣ ልጁ ርቆ የሚሄድበት ይመስል። በኋላ ማዳበሪያውና ናፍጣው በየዓመቱ ሲወደድ የሸንኮራው ዋጋ ባለበት ቆመ። ሞላሰሱን የተሻለ የሚከፍል ነጋዴ ወሰደው፤ ኢታኖል ክፍሉም የሚያፈላው አጥቶ ዝም አለ። በመጨረሻ ድርጅቱ የገበሬ ሸንኮራ መቀበል አላዋጣኝም፣ የራሴ እርሻ ይበቃኛል አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሆነ ነገሩ። “መሬታችሁ ይኸውላችሁ” ተባሉ። የቱ የማን እንደነበር ግን ማን ይወቅ? ወሰኑ ዛፍና ድንጋይ ነበር፤ ዛፍና ድንጋዩን ዶዘር በልቶታል። ስለዚህ መሬቱ እኩል ተሸንሽኖ በዕጣ ሆነ። መቀያየር የሚፈልግ ካለ ተስማምቶ ዛሬ ሥራ ሳይዘጋ ይምጣ፣ ነገ ችካል ይመታል፣ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም ብሏል ቀያሹ።

ጠዋት ከቤት ስትወጣ እናቷ በሩ ላይ ይዘዋት ነበር። ዐይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ሰው የሚያውቁት በድምፁ ነው።

“ጉብታው ለኛ ከደረሰ እሰየው። ለሌላ ሰው ከደረሰ ግን ለምነሽ ለውጪልኝ” አሏት። “ሌላ ነገር ለምኜሽ አላውቅም።”

እውነታቸውን ነው። ቤታቸው በዶዘር ሲፈርስ እንኳ ዞር ብለው ቆሙ እንጂ ተዉልኝ አላሉም። የሚፈልጉት መሬቱን አይደለም። የሚፈልጉት ልጃቸውን ነው፣ የካቦዋን ታናሽ ወንድም። ሰዉ በሚፈርምበት ሰሞን ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጣ፤ ከማንም ጋር አልተጣላም። “ሸንኮራው ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቆረጥ እመጣለሁ” ብሎ ነበር። ሸንኮራው ስንት ጊዜ ተቆረጠ። አንድ የከባድ መኪና ሹፌር ወደብ ላይ ጆንያ ሲሸከም አየሁት ብሎ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁም የለም።

እሱ የሚያውቀው የጉብታውን ቤት ብቻ ነው። ካቦዋ አንድ ሺህ ጊዜ ነግራቸዋለች፤ ቢመጣ ሰው ጠይቆ ሰፈሩን ያገኘዋል፣ መንደሩ በሙሉ እዚያ አይደለም ወይ? እናቷ ግን ልጃቸውን ያውቁታል። ባዶ እጁን ከሆነ የሚመጣው ያፍራል፤ ሰው እንዳያየው ሲመሻሽ ነው የሚመጣው፤ ማንንም አይጠይቅም፤ በሩን ያጣ እንደሆነ እንደ መጣ ይመለሳል። ካቦዋም ወንድሟን ታውቀዋለች።

ባሏ ሚዛን ቤቱ ደጃፍ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ቆሞ ሽንኩርት እየተከለ ነበር፣ በወሬ። ስትመጣ ከሰዎቹ ተለየና ወደ እሷ መጣ። ፊቱ በርቷል፤ እንዲህ በርቶ ካየችው ቆይታለች።

“ሰማሁ። ግማሹን ሽንኩርት፣ ግማሹን ቲማቲም እናደርገዋለን” አላት።

“ልቀይረው ነው።”

“በምን?”

“በጉብታው። ለይደርሳል ነው የወጣው።”

ባሏ መጥፎ ሰው አይደለም። ኢታኖል ክፍሉ ከቆመ ጀምሮ በየጠዋቱ እየሄደ ምንም የማያልፍባቸውን ቧንቧዎች ይጠርጋል፣ መክፈቻዎቻቸውን ዘይት ይቀባል፤ በጀት ሲመጣ ይነሳል እየተባለ። በጀት ሲመጣ፣ ዕቃ ሲመጣ፣ አዲስ ሥራ አስኪያጅ ሲመጣ። ቦይ ዳሩ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የማንንም መምጣት የማይጠብቅ ነገር ነበር።

“እናትሽ ናቸው፤ ተዪ አልልሽም” አለ። “ግን አንድ ነገር ንገሪኝ። ይመጣል ብለሽ ታምኛለሽ?”

“አላምንም።”

“ታዲያ?”

“እማዬ ታምናለች።”

የመሰለሽን አድርጊ ብሏት ወደ ጓደኞቹ ተመለሰ። የሽንኩርቱን ወሬ ግን መልሶ አላነሳውም።

ይደርሳል ጋሪውን ይዞ ዕጣውን ሊያይ ጉብታው ላይ ወጥቷል። የመጨረሻው ሸንኮራ ተቃጥሎ፣ ተቆርጦ፣ ጉቶው ተነቅሎ ሜዳው ራቁቱን ቀርቷል። ሸንኮራ ባለበት ጊዜ ሰው ሁለት እርምጃ ርቆ ቢቆም አይታይም ነበር፤ አሁን ከጉብታው ላይ ሆነው ሲያዩት የሰፈሩ ጣሪያዎች፣ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ፣ የቦዩ ነጭ መስመር ሁሉም በአንድ ጊዜ ዐይን ውስጥ ይገባል።

ካቦዋ የቤታቸውን ቦታ ለማግኘት መፈለግ አላስፈለጋትም። ሥራ በጀመረችበት ሰሞን ሸንኮራው እዚህ ላይ ከሌላው ይልቅ ጠቁሮና ወፍሮ ሲወጣ አይታ ነበር፤ በሚቀጥለውም ዓመት እንዲሁ። የበረታቸው ቦታ ነው፤ የስንት ዘመን ፍግ በዶዘር አይጠፋም። በረቱ ከታወቀ ቤቱ ታወቀ፣ በሩም ታወቀ። ለእናቷ አልነገረቻቸውም፤ ሸንኮራው መሃል መጥተው እንዳይቀመጡ ሰግታ። እሷ ግን በምሳ ሰዓት ሴቶቹን ከትራክተር ጥላ ሥር ትታ ብቻዋን እዚህ ትገባ ነበር። ሄዳ የምትተኛ ይመስላቸዋል። አትተኛም። ተቀምጣ ወንድሟን ትናፍቃለች። ልጅ ሆነው ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዞ የሚከተላት ነገር፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍነው ነገር፣ ያ ሁሉ እዚህ ይመጣባታል። ለሰው “አይመጣም፣ ተዉት” የምትለዋ ሴት እዚህ ቁጭ ስትል ያንን ቃል ከአፏ ማውጣት ያቅታት ነበር።

“ልትስቂብኝ መጣሽ?” አላት ይደርሳል።

“እንቀያየር ብዬ ነው።”

ፊቷን ደጋግሞ አየው። “ካቦ፣ ፀሐይ መታሽ እንዴ?”

“ደህና ነኝ። የእናቴ ቤት እዚህ ነበር።”

ይደርሳል የያዘውን አለንጋ ጋሪው ላይ አስቀመጠ። ቤታቸው ሲፈርስ ዕቃቸውን ወደ ሰፈሩ ያጓጓዘው እሱ ነው፤ ወንድሟንም ያውቀው ነበር። ቦይ ዳር በነፃ ሲሰጡት እምቢ የሚል ሞኝ እንዳልሆነ ነገራት። ግን ነገ ዞሮ በጎረቤት መካከል ቅያሜ እንዲመጣ አይፈልግም።

“እናትሽን አምጥተሽ አሳዪያቸው” አላት። “ቦታው ይኸው ነው ካሉ አብረን ቀያሹ ዘንድ እንሄዳለን። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ነው ነገሩ። እኔ እዚሁ እጠብቃለሁ።”

እናቷን በክንዳቸው ይዛ በቦዩ መንገድ አመጣቻቸው፤ ወደ ጉብታው ሌላ መውጫ የለም። እናቷ ወደ ሜዳው ከገቡ ዓመታት አልፈዋል። አንዳንድ ቀን እስከ ሸንኮራው ጠርዝ መጥተው ይቆሙ ነበር፤ ቅጠሉ እየተንሿሿ ሌላውን ድምፅ ሁሉ ይውጠዋል። ዛሬ ቅጠል የለም። እግራቸው ለስላሳውን አፈር ሲረግጥ ፈጠን ፈጠን አሉ።

ዛሬ በዕጣ የደረሳት መሬት ጫፍ ላይ ያለው የቦዩ ውሃ መዝጊያ ጋ ሲደርሱ እናቷ ድንገት ቆሙ።

“እስቲ ዝም በይ” አሉ።

ውሃው ከመዝጊያው ሾልኮ ከሥር ካለው ድንጋይ ላይ እየወደቀ ነው። እናቷ ራሳቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡ። ከዚያ ክንዳቸውን አስለቀቋትና ብቻቸውን ከመንገዱ ወርደው እጃቸውን ወደ ፊት ዘርግተው ሄዱ፤ ትንሽ ሄደው ፊታቸውን አዞሩና ቆሙ።

“እዚህ ነው” አሉ።

“እማዬ …”

“ወንዙ በቀኝ ጆሮዬ ነው። በሩ ላይ ስቀመጥ ሁልጊዜ በቀኝ ጆሮዬ ነበር የምሰማው።” መሬቱን በእግራቸው ዳበሱት። “ጉብታችንን ደልድለውታል እንጂ እሱ ነው። ማድቤቱ ይኸው፣ ከኋላዬ። እሱ ደግሞ እዚህ እግሩን ዘርግቶ ይቀመጥ ነበር፣ ‘ሰብስብ እንጂ፣ ልታደናቅፈኝ ነው’ እያልኩት።”

ካቦዋ አፏን ከፈተች። ወንዙን ከመንገዱ አንስተው እዚህ እንዳመጡት፣ የሚሰሙት የሲሚንቶ ቦይ እንደሆነ ልትነግራቸው ነበር። ቀና ስትል ጉብታው ታያት። ይደርሳል ከጋሪው አጠገብ ቆሞ ወደ እነሱ እያየ ነው። እዚያ ብትወስዳቸው ምን ያገኛሉ? ውሃ አይሰማም፣ ዛፍ የለም፣ ንፋስ ብቻ ነው። በእሷ ቃል አምነው ይቀመጡ ይሆናል፤ እንዲህ እንደ አሁኑ “እዚህ ነው” ብለው ግን አይቀመጡም። ይኼን ካፈረሰችባቸው ሁለተኛ የሚሠራ የለም።

“ለማን ደረሰ?” አሉ እናቷ። ድምፃቸው ቀጥኗል።

“ለኛ።”

“ለኛ?”

“ለኛ ነው የደረሰው እማዬ። ያወጣሁት እኔው ነኝ።”

ውሸት አልነበረም፤ አንዲት ቃል እንኳ ውሸት አልነበረበትም። እናቷ ቀስ ብለው መሬት ላይ ቁጭ አሉ፤ ነጠላቸውን ጉልበታቸው ላይ ሰበሰቡት።

“በቃ” አሉ። “እንግዲህ ሲመጣ ያገኘኛል።”

ካቦዋ እንባዋ መጣ፤ ዞር ብላ ጠረገችው። እናቷ ቤታቸውን አገኙ፣ ባሏ ሽንኩርቱን አገኘ። ቀኑን ሙሉ የተጨነቀችበት ነገር በራሱ ጊዜ ተፈታ፤ ሰው እንዲህ ሲሆንለት እልል ይላል። እሷን ግን ሌላ ጭንቀት ያዛት። እናቷ ዐይን የላቸውም፣ በጆሯቸው ተሳሳቱ። ወንድሟ ግን ዐይን አለው። ሲመሻሽ ቢመጣ የተራራውን አቅጣጫ አይቶ ቀጥ ብሎ ወደ ጉብታው ነው የሚወጣው። ወጥቶ ባዶ መሬት ያገኛል፤ ወይ የሰው ማሳ። ይኼን እያሰበች ቆየችና ለማን እየተጨነቀች እንደሆነ ገባት። የማይመጣ ሰው ነው ብላ አልነበረም እንዴ?

እናቷን ውሃውን እያዳመጡ ትታቸው ጉብታው ላይ ስትወጣ ፀሐይዋ ዝቅ ብላለች። ይደርሳል አለንጋውን አነሳ።

“እንሂድ? ቀያሹ ሊዘጋ ነው።”

“ቅያሪው ቀርቷል” አለችው። እናቷ ቦይ ዳሩን ቤታችን ነው እንዳሉ ነገረችው፣ እንዴት እንደ ተሳሳቱም። “ለማንም እንዳትናገር።”

የይደርሳል ፊት ወደቀ፤ እንቀያየር ካለችው ጀምሮ በሐሳቡ ቦይ ዳር ላይ ስንት ነገር አብቅሎ ነበር።

“ይሁን” አለ። “ድሮስ የኔ ነገር መቼ ቀንቶ ያውቃል።”

“ውሃ እሰጥሃለሁ።”

“በባልዲ?”

“በቧንቧ። በመሬቴ ጠርዝ ላይ አሳልፍ፤ ባሌ ይዘረጋልሃል። ሞተሩን አንተ ፈልግ። እኔ እስካለሁ ድረስ መሬቴን አቋርጦ ውሃ ማሳለፍ መብትህ ነው፤ በቀያሹ ፊት እናገራለሁ።”

ይደርሳል ተጠራጠረ። ሕይወቱን በሙሉ ሰው ዕቃ ሲያስጭነው ነው እንጂ ሲሰጠው አላየም። “በምን ዋጋ?” አላት።

“እዚህ ቤት መሥራትህ አይቀርም አይደል?”

“እሱማ ይደርሳል።”

“አይደርስም። ዘንድሮ ሥራ።” የበረታቸውን ጥቁር አፈር አልፋ ድሮ ቤታቸው እስከቆመበት ሄደችና በተረከዟ መሬቱን እየጫረች መስመር አወጣች። “ጥቁሩ ላይ ዝራበት። ቤቱን ግን እዚህ ሥራ።”

“ለምን እዚያ?”

ይኼን ለባሏም ተናግራው አታውቅም። “አንድ ሰው ሲመሻሽ ቢመጣ የሚያንኳኳው በር ያግኝ ብዬ ነው” አለች። “ያንኳኳ እንደሆነ ‘እናትህ ቦይ ዳር ናቸው’ በለው። እስከ ታች ድረስ ሸኘው፤ ብቻውን አትስደደው። ብቻውን ከሆነ ይመለሳል።”

ይደርሳል የተጫረውን መስመር አየ፣ ከዚያ እሷን አየ።

“አንቺ እኮ አይመጣም ነው የምትዪው” አላት በቀስታ።

“እላለሁ።”

ጋሪው ላይ ተንጠራርቶ አካፋ አወረደና ተረከዟ ባወጣው መስመር ላይ አፈሩን ገፋ ገፋ አደረገው፣ በደንብ እንዲታይ። ጥጉ ላይ ሲደርስ ቀና አለ።

“በሩ ወዴት ይዙር?”

“ወደ መንገዱ” አለችው ካቦዋ፤ ለማዕዘኑ የሚሆን ድንጋይ ልትለቅምም ጎንበስ አለች።